ለልጄ፦ በሰው ገንዘብ ደግ አትሁን

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ልጄ፣ እንዴት ከርመሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የአባትህ ወገብ ተሽሎታል፣ እህትህ ፈተናዋን ጨርሳለች፣ ክረምቱም ዘንድሮ ጥሩ ገብቷል። ይህን ያስቀደምኩት ረጅም ደብዳቤ ስታይ ሰው የሞተ መስሎህ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው። የሞተ የለም። የተቆጣች እናት ግን አለች።

ወሬው በአክስትህ ልጅ በኩል ደርሶኛል። ጂዳ ውስጥ የምትጥሉት ዕቁብ ገንዘቡ አንተ ዘንድ ይቀመጣል። አብሮ አደግህ ኢቃማው (የመኖሪያ ፈቃዱ) ተበላሽቶ ቅጣት ሲቆለልበት ከዚያው አንስተህ ከፈልክለት። የዕቁቡ ሰዎች አያውቁም፤ ዕጣ የሚወጣበት ቀን ደግሞ እየደረሰ ነው። እህትህ ስትጠይቅህ «ሶሓቦች ለወንድማቸው ነፍሳቸውን ይሰጡ አልነበር? እኔ ገንዘብ ብሰጥ ምን አለበት?» አልካት አሉ።

እንግዲህ ሲራውን፣ የነቢዩንና የሶሓቦቻቸውን ታሪክ፣ ያመጣኸው አንተ ነህ፤ በሲራው እንነጋገራለን። አንዲት ቃል አስቀድሜ ልበልህ፤ ደጋግሜም እላታለሁ፣ ቢሰለችህም ስማት፦ በሰው ገንዘብ ደግ አትሁን።

አንተ በልብህ የያዝከው ዐሊይ (ረ.ዐ) በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መኝታ ላይ የተኛበትን ሌሊት እንደሆነ አውቃለሁ። ትልቅ ሌሊት ነው። በ622 (እ.ኤ.አ.) የመካ ገዢ ጎሳ ቁረይሾች ዳሩ ነድዋ በሚባለው መሰብሰቢያቸው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሊገድሉ መከሩ፤ የጸናው የአቡ ጀህል ሐሳብ ነው። ከየጎሳው አንድ አንድ ጎበዝ ይመረጥ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሰይፉን ያሳርፍ፣ ደሙ በጎሳው ሁሉ ላይ ይበተን። የነቢዩ ወገኖች የዐብዱ መናፍ ልጆች ሁሉንም መዋጋት ስለማይችሉ የደም ካሳ ተቀብለው ዝም ይላሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዐሊይን ጠርተው የሚተኙበትን አረንጓዴ የሐድረመውት ኩታ ተከናንቦ በቦታቸው እንዲተኛ አዘዙት። ደጁን የከበቡት ሰዎች ኩታውን እያዩ «ይኸው ተኝቷል» ሲሉ አነጉ። ዐሊይ ያኔ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ልጅ ነው፤ ካንተ ያንሳል።

ሰው ሁሉ ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል። ዐሊይ ግን ሲነጋ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ተከትሎ ወደ መዲና አልሮጠም። መካ ውስጥ ሦስት ቀንና ሌሊት ቆየ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያስቀሩት ለመኝታው ብቻ አልነበረማ። መካ ውስጥ ለንብረቱ የሚሰጋ ሰው ሁሉ፣ ያላመነባቸውም ጭምር፣ ዕቃውን እሳቸው ዘንድ ነበር የሚያስቀምጠው። ደጃቸው ላይ ሰይፍ ባቆመው ከተማ፣ የዚያው ከተማ ሰዎች አደራ እቤታቸው ውስጥ ነበር። ዐሊይ ያንን እያወጣ ለየባለቤቱ እንዲመልስ ነው የታዘዘው።

እዚህ ላይ ቆም ብለህ አስብ። በዚያ ወራት የሙስሊሞቹ ንብረት እየተወሰደ ነበር። የጀሕሽ ቤተሰብ ተሰዶ ባዶ የቀረውን ቤት አቡ ሱፍያን ሸጦታል። ሱሀይብ አር-ሩሚይ ሊሰደድ ሲል «ድሃ ሆነህ መጥተህ እዚህ ሀብታም ሆንክ፤ ከነገንዘብህ አትወጣም» ብለው አገዱት፤ ያለውን ሁሉ ትቶላቸው ባዶ እጁን ሄደ። ታዲያ ያ አደራ ቢያዝና መዲና ላይ ለተራቡት ስደተኞች ቢከፋፈል ማን ይወቅስ ነበር? እኔና አንተ ብንሆን «ሐቃችን ነው» ብለን በአንድ ሌሊት ፈትዋ እንሰጥበት ነበር። እሳቸው ግን የጠላት አደራ እንኳ ሳይመለስ እንዲቀር አልፈቀዱም፤ ያንን ሥራ ለመፈጸም የገዛ ያጎታቸውን ልጅ ጠላት መሀል አስቀሩት። ዐሊይ ቤት ለቤት ሲመልስ እነዚያው ሰዎች ያዩታል፣ ይቆጣሉ፣ ዕቃቸውን ግን ይቀበላሉ። ሲጨርስ መንገዱን ተያያዘው፤ መዲና ዳር ቁባእ ላይ ኩልሱም ኢብኑ ሂድም ቤት ደረሰባቸው።

ስለዚህ ዐሊይን መምሰል ካማረህ ከሦስቱ ቀን ጀምር። መኝታው ይደርሳል።

ወደ አቡበክር (ረ.ዐ) ልምጣ፤ ለጓደኛ መሆን ማለት እሳቸው ናቸውና። ለስደቱ ሁለት ግመሎች አስቀድመው ይዘው አራት ወር ሙሉ ሰሙር የሚባለውን የግራር ቅጠል እየመገቡ አቆዩ። ቀኑ ሲደርስ «ከሁለቱ አንዷን ይውሰዱ» አሏቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምን አሉ? «በዋጋዋ።» ነፍሱን ሊሰጣቸው ከተዘጋጀ ጓደኛ፣ ነፍስ በምታድን ሌሊት፣ ግመሊቱን በነጻ አልወሰዱም። በደግነትና በሒሳብ መካከል ጠብ የለም ልጄ። ጓደኛህ አንተን ከወደደ «በዋጋው» ይበልህ፤ አንተም አትፈር።

ዋሻውን አንተ እዚያው ስላለህ ካላየኸው ሂድና እየው፤ ጀበል ሠውር ከመካ በስተደቡብ ነው። መዲና በሰሜን ሆና እነሱ ወደ ደቡብ ነው የወጡት፣ ፈላጊ ሁሉ በሰሜኑ መንገድ ሲራወጥ። ሦስት ሌሊት ቆዩ። ሥራው እንዴት እንደተከፋፈለ ተመልከት። የአቡበክር ልጅ ዐብዱላህ ቀን ከቁረይሾች ጋር ውሎ ወሬያቸውን ይሰማል፣ ሲመሽ ዋሻው ደርሶ ይነግራል፣ ጎሕ ሳይቀድ ተመልሶ መካ ያደረ ይመስላል። ዓሚር ኢብኑ ፉሀይራ በጎቹን ወደዚያው ይነዳል፤ ወተታቸውን ይጠጣሉ፣ የዐብዱላህን ዱካም መንጋው ይረግጠዋል። የአቡበክር ልጅ አስማእ ስንቁን በቁርበት ከረጢት ቋጥራ አፉን የምታስርበት ብታጣ መቀነቷን ቀዳ አሰረችበት። መንገድ መሪው ዐብዱላህ ኢብኑ ኡረይቂጥ ደግሞ ሙስሊም እንኳ አልነበረም፤ በደመወዝ የተቀጠረ ሰው ነው። ሁለቱን ግመሎች አስረክበውት ከሦስት ሌሊት በኋላ ዋሻው በር እንዲገኝ ተነጋገሩ። ለያዛቸው ወይም ለገደላቸው በነፍስ ወከፍ ሙሉ የደም ካሳ፣ መቶ ግመል፣ ተነግሯል። ሰውየው ቦታውን ያውቃል፤ አንዲት ቃል ቢተነፍስ ሀብታም ነበር። በሦስተኛው ሌሊት ማለዳ ግመሎቹን ይዞ ከተፍ አለ። እስልምና ያልገባው ሰው አደራ ሲጠብቅ፣ ቁርኣን የቀራህ አንተ የዕቁብ አደራ ታባክናለህ? በሰው ገንዘብ ደግ አትሁን ያልኩህ ለዚህ ነው።

«አቡበክርስ ቤተሰባቸውን ባዶ አድርገው አይደል የሄዱት?» እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ ከልጅነትህ ተከራካሪ ነህ። አዎ፣ አምስት ወይም ስድስት ሺህ ዲርሃም የሚሆነውን ገንዘባቸውን ሁሉ ይዘው ወጥተዋል። ዐይናቸው የጠፋው አባታቸው አቡ ቁሓፋ መጥተው «በራሱ መሄድ ሳያንሰው በገንዘቡም ጎዳችሁ መሰለኝ» ሲሉ አስማእ ገንዘቡ ይቀመጥበት በነበረው የግድግዳ መስኮት ድንጋይ ሰብስባ፣ ጨርቅ ጣል አድርጋበት፣ እጃቸውን ይዛ አስዳሰሰቻቸው። ሽማግሌው «ይህን ካስቀረላችሁ ደህና አድርጓል» ብለው ተረጋጉ። እሷ ያደረገችው ሽማግሌ ለማጽናናት ነው፤ ገንዘቡ የአባቷ ነው፣ ጉዳቱንም የተሸከመችው ራሷ ናት። አንተስ? የዕቁቡን ሰዎች ድንጋይ ነው የምታስዳብሳቸው። ገንዘቡ አለ ብለው ነው ሌሊት የሚተኙት።

አሁን እስክሪብቶ ያዝ። ዛሬ ማታ ደብተሩን አውጣ። ስም በስም፣ እያንዳንዱ ስንት ዙር እንደጣለ፣ ማን ዕጣ እንደወጣለት፣ ማን እንደቀረው ጻፍ። ከሥሩ አንተ ያነሳኸውን ሪያል በአሃዝም በፊደልም ጻፍ፣ ያነሳህበትን ቀን ጨምር። ሁለት ሰው ይመስክር። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ ስለ ዕዳ መጻፍ ነው፣ በቀራ 282፤ ትንሽም ሆነ ትልቅ ከመጻፍ አትሰልቹ ይላል። የወንድማማች ነው ብሎ የተወው ጽሑፍ የለም። ከዚያ ዕጣው ከመውጣቱ በፊት፣ ከወጣ በኋላ አላልኩም፣ ሰዎቹን ሰብስበህ ንገራቸው። ሳይነገራቸው ዕጣው ወጥቶ ገንዘቡ የጎደለ እንደሆነ «ዘገየ» የሚልህ የለም፤ «በላ» ነው የሚሉህ። ዕጣው የሚደርሳት እንጀራ ፍለጋ የሄደች ሴት ከሆነች ደግሞ ያንን ሪያል ገና ሳትይዘው አገር ቤት ለልጅ ሕክምና ወይም ለቤት ኪራይ ተናግራበታለች።

ቃል የገቡትን ነገር ለጓደኛ ብሎ ማፍረስ ይቻል እንደሆነ ልትጠይቅ ትችላለህ፤ ሁለት ሰው ላሳይህ።

አንደኛው ሑዘይፋ ኢብኑል የማን ነው። በ2ኛው ዓመተ ሒጅራ ከአባቱ ጋር ሲመጣ ቁረይሾች ያዟቸው። «መዲና መሄዳችን ነው» ቢሏቸው «እንግዲያው ከሙሐመድ ጋር ሆናችሁ እንዳትወጉን» ብለው በአላህ ስም ቃል አስገብተው ለቀቋቸው። በበድር ጦርነት ሙስሊሞቹ ከሦስት መቶ ጥቂት ቢበልጡ ነው፣ ፊት ለፊታቸው ወደ ሺህ የሚጠጋ ጦር አለ። ሁለት ሰው ያኔ ትልቅ ነገር ነው፤ ቃሉም በግዳጅ የተወሰደ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን «ተመለሱ። ቃላቸውን እንሞላላቸዋለን፣ በእነሱም ላይ አላህን እንለምናለን» አሏቸው። ሑዘይፋ በድርን ሳይዘምት ቀረ። በዓመቱ በኡሑድ ጦርነት ያው አባቱ በግርግር መሀል በስሕተት በሙስሊሞች ሰይፍ ተገደሉ። ሑዘይፋ «አባቴ! አባቴ!» እያለ ሲጮህ አልሰሙትም። ካለፈ በኋላ «አላህ ይማራችሁ» አለ፤ የሚገባውን የደም ካሳም ለሙስሊሞቹ ሰደቃ አደረገው። እየው እንግዲህ፦ የሌሎቹን ቃል አልነካም፣ የራሱን ሐቅ ግን በሙሉ ለቀቀ።

ሁለተኛው አቡ ጀንደል ነው፤ ይህችን ሳነብ ሁልጊዜ ሆዴ ይላወሳል። በ6ኛው ዓመት ሑደይቢያ ላይ 1,400 የሚሆኑ ሙስሊሞች ሰፍረው ከቁረይሽ ጋር የዐሥር ዓመት ዕርቅ እየተጻፈ ነው። ከመካ የመጣ ይመለሳል የሚል አንቀጽ አለበት። ቀለሙ ሳይደርቅ አቡ ጀንደል በሰንሰለት ታስሮ እየተንፏቀቀ መጣ። የቁረይሽ ተደራዳሪ ሱሀይል የገዛ አባቱ ነው። «መጀመሪያ የምትመልሱልኝ እሱን ነው» አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) «ጽሑፉን ገና አልጨረስንም» አሉት፤ እምቢ አለ። «እንግዲያው ለእኔ ስትል ተውልኝ» ብለው ለመኑት፤ እምቢ አለ። ልጁ ሙስሊሞቹን «የደረሰብኝን እያያችሁ ትመልሱኛላችሁ?» እያለ ይጮሃል። ተመለሰ። ያ ሁሉ ሰይፍ የታጠቀ ሰው እያለ ተመለሰ፤ «ታገሥ፣ አላህ መውጫ ያበጅልሃል» ተብሎ። መውጫውም መጣ፦ አቡ በሲር የሚባለው አምልጦ በባሕሩ ዳር ሲሸፍት አቡ ጀንደልም ተከተለው፣ ሌሎችም ተከማቹ፣ የቁረይሽን ሲራራ መንገድ ዘጉ፤ በመጨረሻ አንቀጹ እንዲነሳ የለመኑት ራሳቸው ቁረይሾች ናቸው። ልብ በል፣ ልመናውን አይተሃል። ለወንድም መለመን፣ ደጅ መጥናት፣ ፊት መገረፍ ይቻላል። ቃል ማፍረስ ግን አልነበረም። ያንተም ወንድም ኢቃማው ሲበላሽ ከፊሉን (አሠሪውን) መለመን፣ የአገር ልጅ መሰብሰብ፣ የራስህን ስልክ መሸጥ ነበረብህ። ሰው ሳይጠየቅ የሰውን ሣጥን መክፈት አልነበረም።

ልቤ ራርቶልሃል እኮ፤ የጨከንኩብህ እንዳይመስልህ። ልጁን ስታየው አላስችል ብሎህ እንደሆነ አውቃለሁ። እንዲህ ያለ ልብ ስላለህ አልሐምዱሊላህ እላለሁ። መካ ያሉ ሰዎች ለዑምራ ኢሕራም የሚያስሩበት ተንዒም፣ ኹበይብ (ረ.ዐ) የተገደለበት ቦታ ነው። በ4ኛው ዓመት በክህደት ተይዞ መካ ላይ ተሸጠ፤ በድር ላይ የገደለው ሰው ልጆች ሊበቀሉበት ገዙት። ሊገደል ሲል ከቤቱ ሴት ምላጭ ተዋሰ። እሷ ሳታይ ትንሽ ልጇ ሄዶ ጭኑ ላይ ተቀመጠ፤ ብታይ ልጁ ታፋው ላይ፣ ምላጩ እጁ ላይ። ድንጋጤዋን ፊቷ ላይ አነበበና «እንድገድለው ትፈሪያለሽ? አላደርገውም» አላት። ከእሱ የተሻለ እስረኛ አላየሁም ብላ የመሰከረችው ራሷ ናት። በእጁ የገባ የጠላት ልጅ አደራ ሆነበት።

ኡሙ አይመንን ላንሳልህ፤ የእኛው የሐበሻ ሴት ናት። ስሟ በረካ ይባላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እናታቸው አብዋእ ላይ ሲሞቱ ይዛቸው ወደ መካ የተመለሰች፣ ያሳደገቻቸው፤ ኡሑድ ላይ ውኃ ያጠጣች፣ ልጇ አይመን ሑነይን ላይ የተሰዋባት። ያንተን ጉዳይ የሚፈታው ግን ሌላው ታሪኳ ነው። ስደተኞቹ መዲና ሲገቡ ምንም የላቸውም፤ አንሷሮች (የመዲና ሙስሊሞች) የተምር ዛፎቻቸውን ፍሬውን እንዲበሉ ሰጧቸው። የአነስ እናት ኡሙ ሱለይም ለነቢዩ የሰጠቻቸውን ዛፎች እሳቸው ለኡሙ አይመን ሰጧት። ከኸይበር ዘመቻ በኋላ እጃቸው ሲፍታታ ስደተኞቹ ዛፎቹን ለየባለቤቱ መለሱ። አነስ የቤተሰቡን ሊጠይቅ ሲመጣ ኡሙ አይመን ጨርቅ አንገቱ ላይ ጠምጥማ «ወላሂ አይሰጥህም፣ ለእኔ ሰጥቶኛል!» ብላ ያዘችው። (ይህንን ሳነብ ሰፈራችን ያለች እናት ትመስለኛለች።) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) «ተይለት፣ ይህን ያህል እሰጥሻለሁ» ይሏታል፣ «ወላሂ አይሆንም» ትላለች፤ ይጨምራሉ፣ እምቢ ትላለች፤ እንዲህ እያሉ እስከ ዐሥር እጥፍ ደረሱላት። ሥሌቱን አየኸው? የአንሷሩ ዛፍ ይመለሳል፣ ያ ክርክር የለበትም። ያሳደገቻቸው እናት ደግሞ አትከፋም፤ የእሷን ልብ የሚጠግኑት ግን ከራሳቸው ነው። እናትን ለማስደሰት እንኳ የሰው ዛፍ አልተነካም። አብሮ አደግህ ከዚህች እናት አይበልጥም። በሰው ገንዘብ ደግ አትሁን።

ለጓደኛ ዕዳ መግባት እንዴት እንደሆነ ከአቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ተማር። አንድ ሰው ሞተ፤ አጥበው ገንዘው እንዲሰገድበት አመጡት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) «ዕዳ አለበት?» ብለው ጠየቁ። ሁለት ዲናር አሉ። ፊታቸውን መለሱ። አቡ ቀታዳ «ሁለቱ ዲናር በእኔ ላይ ይሁን» አለ። «ባለ ገንዘቡ ሐቁን ካንተ ሊጠይቅ፣ ሟቹም ነጻ ሊሆን?» «አዎ።» ያኔ ሰገዱበት። በማግስቱ አቡ ቀታዳን አግኝተው «ሁለቱ ዲናር ምን ሆኑ?» አሉት። «ገና ትናንት እኮ ነው የሞተው» አለ። ደግሞ በነጋታው ጠየቁት፤ «ከፍያለሁ» ሲል «አሁን ገና ቆዳው ቀዘቀዘለት» አሉ። በሕዝብ ፊት፣ በአፉ፣ በራሱ ላይ ነው የወሰደው። ከፍሎ እስኪጨርስም አልተለቀቀም። ነፍስ ስለ መስጠት ያወራህ እንደሆነ ደግሞ ሸሂድ ከዕዳ በቀር ሁሉ ይማርለታል የሚለውን ሐዲስ አትርሳ። ደሙን ያፈሰሰ ሰው ያልተማረለትን፣ አንተ ለጓደኛዬ ብዬ ነው ብለህ አታልፈውም።

የሰው ገንዘብ መያዝ ካልቀረልህ ዙበይር ኢብኑል ዐዋምን ምሰል። እዚህ አገራችን ተሰዶ የኖረ ነው፤ በነጃሺ ላይ ሰው ባመጸ ጊዜ የውጊያውን ወሬ ሊያመጣ በተነፋ አቁማዳ ላይ ሆኖ ወንዙን የዋኘው እሱ ነው። ሰዎች አደራ ይዘው ሲመጡ «አይሆንም፣ ብድር ይሁን፤ እንዳይጠፋባችሁ እፈራለሁ» ይላቸው ነበር። አደራ ያለ ጥፋትህ ቢጠፋ አትጠየቅበትም፤ ብድር ግን በማንኛውም መንገድ ትከፍለዋለህ። ከባዱን በፈቃዱ መረጠ። በ36ኛው ዓመት በጀመል ጦርነት ጊዜ ሲገደል ዕዳው 2,200,000 ሆኖ ተገኘ። ገንዘብ አልነበረውም፤ መሬትና ቤት ነበረው። በ170,000 የገዛው የጋባ መሬት በ1,600,000 ተሸጠ። ካበደሩት ሰዎች አንዱ እዚህ ሐበሻ ምድር የተወለደው የጀዕፈር ልጅ ዐብዱላህ ነበር፤ 400,000 ነበረው። «ከፈለጋችሁ ልተውላችሁ» አለ፤ የዙበይር ልጅ እምቢ አለ። «እንግዲያው ላቆይላችሁ» አለ፤ እምቢ አለ። ከጋባ መሬት ቆርጦ ሰጠው። ወራሾቹ «ድርሻችንን አካፍለን» ሲሉም አራት ዓመት በየሐጁ «ዙበይር ላይ ያለው ይምጣ» ብሎ ሳያስነግር አላካፍልም አለ። ዐራት ሐጅ፣ ልጄ። አንተ ዐራት ሳምንት ሳትቆይ ነው የምትናገረው።

እንግዳውን ለማብላት መብራት ያጠፋውን አንሷር እንዳታነሳብኝ፣ ልጆቹን ሳይበሉ አስተኝቶ የለ ወይ ብለህ። የሐዲስ ሊቁ ነወዊ ሲያብራሩት እንዳሉት ልጆቹ ርቧቸው አልነበረም፤ እንደ ልጅ አምሯቸው ነው። የሚጎዳቸው ረሃብ ቢሆን ኖሮ ከእንግዳው እነሱ ይቀድሙ ነበር። እነዚያ ባልና ሚስት የገዛ እራታቸውን ነው የሰጡት።

ለአብሮ አደግህ ደግሞ ይህን ንገረው፣ በቁጣ ሳይሆን። ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ ለዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ የሀብቱን ግማሽ ሲያቀርብለት «አላህ ይባርክልህ፣ ገበያው የት ነው?» ነው ያለው። የበኑ ቀይኑቃዕን ገበያ አሳዩት፤ አይብና ቅቤ እያተረፈ ተመለሰ፣ ብዙም ሳይቆይ የአንድ ተምር ዘር በሚመዝን ወርቅ ሚስት አገባ። የተሰጠውም ሰው ድርሻ አለው። ልጁ ሥራ ከጀመረ በወር ስንት እንደሚመልስ ይጻፍና ይፈርም። ለዕቁቡ ከከፈልክ በኋላ ዕዳው ያንተ ሆኗል፤ ያኔ ከቸገረው ታገሠው፣ ከፈለግህም ተውለት። ያንተ ነዋ።

የጎደለው ስንት እንደሆነ ቁጥሩን ብቻ ላክልኝ። ለሠርግህ ያስቀመጥኩት ወርቅ አለ፤ በእኔ ላይ ይሁን ብያለሁ። ግን ለሰዎቹ ሳትነግራቸው አንዲት ግራም አልሸጥም፣ ወላሂ። ነግረሃቸው፣ የደብተሩን ገጽ ፎቶ አንስተህ፣ ሁለቱ ምስክሮች ፈርመውበት ስትልክልኝ በማግስቱ ገበያ እወጣለሁ። አባትህ አልሰማም፤ አንተው እስክትነግረው እጠብቃለሁ። ለልጁ እናትም አልነገርኳትም፣ አልነግራትምም።

በዚህ ወር ለእኛ ሐዋላ እንዳትልክ። የምትልከውን እዚያው ዕቁቡ ላይ ጨምረው፤ ጤፉን ገዝተናል፣ የእህትህም የትምህርት ቤት ክፍያ ተከፍሏል። የሰኞውን ጾም ሥራ የከበደህ ቀን ተወው፣ ውኃ ጠጣ፣ ሙቀቱ ሰው ይጥላል ሲሉ ሰምቻለሁ። መልስህን በድምፅ ሳይሆን በጽሑፍ ላከው።

እናትህ